ከቤቴ ወጥቼ ቤቴ ሥራ የምገባባቸው ጠዋቶች

አባቴ ዳሌው የተሰበረው በጠራራ ፀሐይ፣ አቃቂ በሚገኘው ቤቱ በር ላይ ነው። የጎረቤት ሰላምታ ሊመልስ ዞር ሲል ደፉ አደናቀፈውና ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ በባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሚንቀሳቀስ ባቡር ላይ ዘሎ ሲወጣና ሲወርድ የኖረን ሰው የገዛ ቤቱ ደፍ መጣሉ ከስብራቱ በላይ አበሳጨው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ለሚጠይቀው ሁሉ «ባቡር ጥሎኝ ቢሆን እኮ ለሰው ይወራል» ይል ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነለት። ነገር ግን ተመልሶ ብቻውን መኖር አይችልም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጁም እኔ ብቻ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ደግሞ የገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጠን እኔ፣ ከሥር ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ፣ ሌሎች ጎረቤቶችም ተጋግዘን አወጣነው። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ቀስ! ወደ ግራ! ቁም! አሁን ሂድ!» እያለ ያዘናል። ጣቢያ ላይ ባንዲራ ይዞ ባቡር ሲያስገባ የኖረ ሰው ነውና ትእዛዙ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ግድግዳ ሳንነካ ደረስን።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። እኔ መሃል ከተማ ጥቂት ጠበቆች አብረን በምንሠራበት ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጊዜው ለቀላል ባቡሩ ሐዲድ መንገዱ ሁሉ የተቆፋፈረበት ነበር። ታክሲያችን ሳሪስ አቦ አጠገብ ሲቆም ተሳፋሪው ቤተ ክርስቲያኑን ይሳለማል፣ ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ ደግሞ ይሳለማል፤ ታክሲው እዚያው ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ያለ አባት መጠበቅ አይችልም። ባለቤቴ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፤ አለቀ። እኔም የራሴን ወሰድኩ፤ እሱም አለቀ።

ፈቃዴ ባለቀ ማግስት ወደ ቢሮው ባለቤት ገባሁ። እሳቸው ቀድሞ ዳኛ የነበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰውን የሚያስቆሙ ሴት ናቸው። ችሎት ከለቀቁ ዓመታት ቢያልፉም ሁላችንም «ክብርት» እያልን ነበር የምንጠራቸው።

«ክብርት፣ ሥራ መልቀቄን ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ማን ወሰደህ?»

«አባቴ።»

«አባትህ ቢሮ ከፈቱ?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ደፉን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ሦስተኛ ፎቁን፣ የሳሪስን መንገድ። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ሲያዳምጡ እጃቸው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ የዳኝነት ልማዳቸው ነው። ስጨርስ ጠየቁኝ።

«እኔ ዳኛ ሳለሁ ፍርድ የት የምጽፍ ይመስልሃል?»

«ቢሮዎት ነዋ።»

«እኔ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ! ፋይሉን በዘንቢል ተሸክሜ እገባለሁ። አንዱን ልጅ አዝዬ፣ አንዱን የቤት ሥራ እያሠራሁ ስንቱን ባልና ሚስት አፋትቻለሁ መሰለህ። ያ ፍርድ በይግባኝ ሲሻር፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለተጻፈ ነው ያለኝ የለም።»

ከዚያ አከታትለው ነገሩኝ። ችሎት ባለኝ ቀን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ሰኞ ቢሮ እገባለሁ፤ ባለጉዳዮቼ ሁሉ ለሰኞ ይቀጠራሉ። የቀረውን ቀን ክሱንም፣ መልሱንም፣ ውሉንም ቤቴ ተቀምጬ እጽፋለሁ። «ስልክህ ላይ ግን ደውዬ ባጣህ» አሉና መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ቢጨርሱት ኖሮ ያን ያህል አያስፈራኝም ነበር።

የቢሯችን አንጋፋ ጠበቃ ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። «ጠበቃ የሚከበረው በቢሮው ነው» አሉ ኮሪደሩ ላይ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው። «ዛሬ ቤት እንውላለን፤ ነገ ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግተን ማመልከቻ ጸሐፊ እንሆናለን!» ሰውየው ለእኔ መጥፎ አልነበሩም፤ ለሙያው ክብር የሚጨነቁ ነበሩ። ሆኖም ክብርት ከወሰኑ ወሰኑ ነው፤ የእሳቸው ይግባኝ የለውም።

እንዲህ ሆኖ ቤቴ መዋል ጀመርኩ። ባለቤቴ የእረፍት ቀኗን ወደ ሰኞ አዛወረች። ችሎት ባለኝ ጠዋት ፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ አባቴን ያዩልኛል። በቀሪዎቹ ቀናት ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ኢንተርኔት የሚሠራው ላፕቶፑ ላይ የሚሰካውን ዶንግል ልብስ ማስጫው በረንዳ ላይ፣ በአንድ ጥግ ብቻ ሲያስቀምጡት ነው። ስለዚህ ሰነድ በላክሁ ቁጥር ላፕቶፑን ታቅፌ እርጥብ አንሶላ መሃል እቆማለሁ። ከወገቤ በላይ ሹራብ፣ ከወገቤ በታች የመኝታ ሱሪ ነው የምለብሰው። ባለጉዳይ አያየኝ፣ ዳኛ አያየኝ፤ ለማን ብዬ?

አባቴ ግን ያየኛል። አልጋውን ሳሎን መስኮቱ ሥር ዘርግተንለታል፤ ፊቱ ወደ እኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩንና እኔን እያፈራረቀ ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጠየቀኝ።

«ዛሬም አልሄድክም?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አባዬ።»

«የት?»

«እዚህ።»

ከራሴ ጀምሮ ቁልቁል አየኝና ሱሪዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። «በዚህ ሱሪ?»

«ሥራው እኮ ጽሑፍ ነው። ሱሪ አይፈልግም።»

ትራሱን ደገፍ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ አባረውህ ከሆነ ንገረኝ። አላዝንብህም። ሰው ይባረራል። የሚከፋው ለአባቱ መዋሸቱ ነው።»

አልተባረርኩም ብዬ ማልኩ። የምጽፈውን አሳየሁት። ከቢሮ ሲደወልልኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማሁት። ከልቡ አላመነኝም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ እናቴ በር ድረስ ሸኝታው ነው ሥራ የሄደው። «ሰው ሥራ የሚገባው ከቤቱ ሲወጣ ነው» አለኝ። «ሳይወጡ መግባት የለም።»

እሱ በእኔ ሱሪ ሲጨነቅ እኔና ባለቤቴ የምንጨነቀው በእሱ እግር ነበር። ለመለማመጃ የተሰጠውን ባለ አራት እግር መደገፊያ አልነካም ብሏል። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ «አባባ፣ አጥንትዎ ገጥሟል፤ ካልተራመዱ ግን እግርዎ መራመድ ይረሳል» ብትለው «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ድክ ድክ ልበል?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባለቤቴ ለመነችው። እኔም ለመንኩት። እንዲያውም ተቆጣሁት፤ እሱም ተቆጣኝና ሁለታችንም ተኳርፈን ዋልን።

የሁለታችንን ጭቅጭቅ አገናኝቼ መፍትሔ ያገኘሁት በዚያ ኩርፊያ መሃል ነው።

«እሺ» አልኩት በማግስቱ ማለዳ። «እንዳልከው ለብሼ ከቤት ወጥቼ ሥራ እገባለሁ። ግን በሩን ከፍተህ የምትሸኘኝ፣ ስመለስም የምታስገባኝ አንተ ነህ።»

ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ። «ተንኮለኛ» አለኝ። «ጠበቃ መሆንህን አሁን አመንኩ።»

ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ከረባቴን አሰርኩ። ቦርሳዬን ያዝኩ። አባቴ በበኩሉ ኮፍያዬን አምጡ አለ፤ የሥራ ኮፍያውን አልጣለውም ነበር። አናቱ ላይ ካስተካከለ በኋላ መደገፊያውን ጨብጦ ተነሣ። ጥርሱን ነክሶ ላቡ በጆሮ ግንዱ ቁልቁል እየወረደ እግሩን ወደፊት አደረገ። ሌላውንም አስከተለ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ልይዘው የሚቃጣውን እጄን ኪሴ ከተትኩት። ደረሰ። መቀርቀሪያውን ከፈተና «በል፣ ደህና ዋል» አለኝ።

ደረጃውን ወረድኩ። ምን እንደምሠራ ስላላወቅኩ ብሎኮቹን ዞርኩ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ተመልሼ ወጣሁና አንኳኳሁ። ግድግዳውን ተደግፎ እዚያው ቆሞ ነበር።

«አረፈድክ» አለኝ ሲከፍት።

«መንገዱ ተዘግቶ ነው።»

«ቀላል ባቡሩ ነው?»

«እሱው ነው።»

ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መደገፊያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሥራ የምገባው እንዲህ ሆነ። ለብሼ እወጣለሁ፣ ብሎኮቹን ዞሬ እመለሳለሁ፣ አባቴ ይከፍትልኛል፣ ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከረባት ካሰርኩ ወዲህ ሥራውም ይፈጥንልኝ ጀመር።

ያላሰብነው ግን ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው። ቀድሞም ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈትቻለሁ ብሎ ደምድሟል፤ ሰኞና የችሎት ቀን ስወጣም ሥራ ፍለጋ የምዞር ይመስለዋል። ባለሱቁ ዕቃ ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቀድዶ ሰጥቶኛል። የፊት ለፊቷ ሴትዮ ደግሞ ባለቤቴን ደረጃ ላይ ይዘው «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ቤት ሲውል ሆድ ይብሰዋል፤ አትነዝንዢው» ብለዋታል። አሁን ደግሞ ይኸው ሥራ የፈታ ጎረቤታቸው በየጠዋቱ ሙሉ ልብስና ከረባት አድርጎ ቦርሳ ይዞ ይወጣል፣ ፎቆቹን ይዞራል፣ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ሰላም ሲሉትም «ሥራ ልገባ ነው» ይላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የፊት ለፊቷን ሴትዮና ባለሱቁን አስከትለው ገቡ። አባቴን ጠየቁ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወሩ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሰው ነን። ሰው ደግሞ ሐሳብ ሲበዛበት ትንሽ ይደክማል። ይህ ነውር አይደለም።»

«ልክ ነው» አልኩ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይገባኝ።

ሴትዮዋ ቀጠሉ። «የእህቴ ልጅ ልክ እንዳንተው አድርጎት ነበር። ጸበል ወስደነው ይኸው ዛሬ ደህና ሠራተኛ ነው። እሺ ካልክ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«እኔ ጸበሉን አላውቅም» አለ ባለሱቁ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ግን ወላሂ፣ ሁልጊዜ ዱዓ አደርግልሃለሁ።»

ባለቤቴ ሻይ ላምጣ ብላ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔ ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ። ቢሮዬ እዚህ ነው አልኩ፤ ይህ ጠረጴዛ ነው አልኩ፤ ጠዋት የምወጣው ለአባቴ እግር ስል ነው አልኩ። ሦስቱም በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ፣ እሺ» አሉ ሰብሳቢው፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ። «ቢሮህ እዚህ ነው።» ሲወጡ ሴትዮዋ ጉንጬን ሳሙኝ።

በሩ ሲዘጋ አባቴን አየሁት። ይናደድልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ትራሱን ፊቱ ላይ አድርጎ እየሳቀ ነው። «እኔን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነበር እኮ» አለ፣ እንባውን እየጠረገ። «ለካ ሕመምተኛው አንተ ነህ።»

ያም ሆኖ ከሁሉም በላይ ሥራዬን ማክበር የጀመረው እሱ ነው። ስልኬ ሲጮህ ሬዲዮውን ያጠፋል። የሚጠይቀው ሰው መጥቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ሥራ ቦታ ነው» ብሎ ያስቆማል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ «እረፍት!» ይላል፤ ካልተነሣሁ ይቆጣኛል። እኔም ከባድ ክርክር ሲገጥመኝ ጮክ ብዬ ስለማመድ እያየ አንዳንዴ «ይህኛው አላማረብህም» ይለኛል፤ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ አቋቋሜ ነው። ሰውነትህን አታወዛውዝ፣ ባንዲራ እንደያዘ ሰው ቀጥ በል ይላል።

እሱ የቤቱን ጫጫታ ቢያስቆምም የሰፈሩን ማስቆም ግን አይችልም። አንድ ቀን ክብርት አንድ ትልቅ ባለጉዳያችንን ቢሯቸው አስቀምጠው ደወሉልኝ። ሰውየው ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ በተቀመጡ አሮጌ የፋብሪካ ማሽኖች ምክንያት ተከሰው ነው። ጉዳዩን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ስልኩን ለሁለታቸውም እንዲሰማ አድርገው ስለ ክሱ መልስ እንነጋገራለን። ባለጉዳዩ ቁጡ ናቸው፤ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም።

«የእኔ ጥያቄ አንድ ነው» አሉ። «ፍርድ ቤቱ ማሽኖቹ ይሸጡ ቢል፣ ያን ብረት ዛሬ ማን ይገዛል?»

ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከመስኮታችን ሥር፣ ሰፈሩን በሚሞላ ድምፅ፣ «ቆራሌው! ቆራሌው!» ተባለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ መስኮቱን ሊዘጋ ከአልጋው ተንጠራርቶ አልደረሰበትም፤ ቆራሌው ደግሞ ብረታ ብረት ካለ እንድናወጣ አንድ ባንድ እየዘረዘረ ደገመው። በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ሰውየው እየሳቁ ነበር። «ክብርት፣» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ገዢውስ ተገኘ።» ከዚያ ዕለት በኋላ እኔን በሚያነጋግሩበት ጊዜ ሁሉ ድምፃቸው ለስላሳ ሆነ።

ክብርት ማሽኖቹን በዓይናቸው ካላዩ መልሱ ላይ እንደማይፈርሙ ተናገሩ። ቃሊቲ ድረስ መጥተው ካዩ በኋላ ጽሑፉን አብረን ልንጨርሰው ወደ ገላን እንደሚያልፉ ነገሩኝ። የጠበቅኳቸው ከሰዓት በኋላ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው ደረሱ፤ እኔ መኝታ ቤት በሩን ዘግቼ ከሌላ ባለጉዳይ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። ከታች የሆነውን የሰማሁት በኋላ ከራሳቸው ነው።

መኪናቸውን አቁመው ባለሱቁን ይጠይቁታል። «እዚህ ሰፈር አንድ ጠበቃ ይኖራል፤ የትኛው ደረጃ ነው?»

ባለሱቁ ፊቱ ይከፋል። «ዘመድ ኖት፣ እመቤቴ?»

«አሠሪው ነኝ።»

«የድሮ አሠሪው?»

«የዛሬ። አብሮኝ ነው የሚሠራው። ዛሬ ሥራ አልገባም እንዴ?»

ባለሱቁ ሱቁን ክፍት ጥሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሮጠ። «ሥራ አለው! ወላሂ ሥራ አለው!» እያለ ሲጮህ መኝታ ቤት ሆኜ ሰማሁት። በሮች ተከፈቱ። የፊት ለፊቷ ሴትዮ እልል አሉ። ክብርት በዚህ ሁሉ መሃል ታኮ ጫማቸውን እያንኳኩ፣ ግራና ቀኝ ሰላም እያሉ ሦስተኛ ፎቅ ደረሱ።

የከፈተላቸው አባቴ ነው። ያን ጊዜ መደገፊያውን ይዞ ቤት ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ከበር ወጥቶም ደረጃው አፍ ድረስ ይሸኘኛል። ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ልበል?»

«ልጅዎን ፈልጌ ነበር።»

«ሥራ ላይ ነው። ቀጠሮ አለዎት?»

በእሳቸው ቢሮ ለእሳቸው እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው አልተወለደም። «አሁን እንኳ የለኝም» አሉ። «ተቀምጬ ብጠብቅ ይፈቀድልኛል?»

አባቴ አሰበበት። «ይግቡ፣ እመቤት። ብዙም አያቆይዎት።»

ስልኬን ጨርሼ ስወጣ ክብርት ሶፋው ጫፍ ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ባለጉዳይ ተቀምጠዋል። ደንግጬ «ክብርት!» ስል አባቴ ደነገጠ፤ ማንነታቸውን ሲያውቅ ኮፍያውን አወለቀ። እሳቸው ግን «የለም፣ ያድርጉት» አሉት። «ሥራ የሚያውቅ ሰው ነዎት። ለእኔ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው ነው ያጣሁት።»

ከሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን መልሱን አስተካከልን። እሳቸው አንብበው ይሰርዛሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽሮ በላን። መብራት ጠፍቶ መጣ። አባቴ ሬዲዮውን አልከፈተም፤ ሳል እንኳ ሲይዘው በጋቢው ውስጥ ሳለ። ስንጨርስ ክብርት ተነሥተው ጫማቸውን እያስተካከሉ ጠየቁት።

«አባባ፣ እስከ መኪናዬ አይሸኙኝም?»

አባቴ ደረጃውን ወርዶ አያውቅም። እኔ ልናገር ስል በዓይናቸው አስቆሙኝ። አባቴ መጀመሪያ ደረጃውን፣ ከዚያም እሳቸውን አየ። እንግዳ፣ ያውም የልጁ አሠሪ ሸኙኝ ብለውት እምቢ ማለት አይሆንለትም።

«ልሸኝ እንጂ» አለ።

መደገፊያውን ለእኔ ሰጥቶ የደረጃውን ብረት ያዘ። ክብርት በሌላው ጎኑ ሆነው፣ ሳይነኩት፣ ስለ ድሮ ባቡር እየጠየቁት ወረዱ። ሲደክመው ጥያቄ ያበዛሉ፤ እሱ ቆሞ ይመልሳል፤ በዚያው ያርፋል። በየፎቁ ሰው በሩን ከፍቶ ያያል። እኔ መደገፊያውን ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። የመጨረሻውን ደረጃ ወርዶ መሬት ሲረግጥ ባለሱቁ አጨበጨበ፤ ደረጃው ላይ የቆመው ሁሉ ተቀበለው። አባቴ ማንንም አልተመለከተም። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ የመኪናውን በር ለክብርት ከፈተላቸው።

ተመልሶ መውጣቱ ግን ከባድ ሆነ። ባለሱቁ ወንበር አምጥቶ «እንሸከምዎት፣ አባባ» ቢለው፣ «አንዴ ተሸክማችሁኛል፤ ይበቃል» ብሎ ወንበሩ ላይ ሱቁ ደጃፍ ተቀመጠ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ እዚያ ተቀምጦ ከሰብሳቢው ጋር ሲጨዋወት አገኘችው። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ አቀፈችው። ቀስ ብለን፣ በየደረጃው እያረፍን፣ አንድ ላይ ወጣን።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን መዞሬ ቀረ። አብሮኝ ይወርዳል፤ ብሎኮቹን አንድ ላይ እንዞራለን፤ ሰው ሁሉ «ሥራ ገባችሁ?» ይለናል። መደገፊያው በዱላ ተተካ። ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ወደ ቤቴ ልመለስ አለ። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። «ጓደኞቼ እዚያ ናቸው። አንተ ቢሮህ ሄደህ ሥራ፤ እኔም የራሴ ሥራ አለኝ» አለኝ። ሥራ የሚለው ከድሮ የባቡር ሰዎች ጋር ሐዲዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር መቀመጥን ነው። የደፉን ድንጋይ አስጠርቤ ዝቅ አስደረግሁለት፤ ጎረቤት እንዲያየው ተነጋገርንና ሄደ።

እኔ ከረባቴን አስሬ ወጥቼ፣ ተመልሼ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ቤቱ ባዶ ነው። እረፍት የሚለኝ የለም። አንድ ገጽ ለመጻፍ ጠዋቱን ሙሉ ፈጀሁ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ክብርት ጋ ደወልኩ።

«ረቡዕና ዓርብም ቢሮ ብገባ ምን ይመስልዎታል?»

«ከሰኞ ውጭ ጠረጴዛህ ተይዟል» አሉኝ።

«በማን?»

የተያዘው አዲስ በተቀጠረች ጠበቃ ነው። «ረቡዕና ዓርብ የአንጋፋው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ እሱ ላይ ተቀመጥ» አሉኝ ሳቃቸውን እየዋጡ። አንጋፋው ጠበቃ ጉልበታቸውን ስላመማቸው እነዚያን ቀናት ቤታቸው ሆነው መሥራት ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ለማንም እንዳይነገርባቸው ለምነው።

አሁንም ቤትም ቢሮም እየሠራሁ አለሁ። አቃቂ ችሎት ባለኝ ቀን ከፍርድ ቤት ስወጣ በአባቴ ዛፍ ሥር አልፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ለጓደኞቹ እንዲህ ሲል አስተዋወቀኝ። «ልጄ ነው። ጠበቃ ነው። አብረን ነበር የምንሠራው።» ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዱም ለቀበሌ ሊያቀርበው ስላሰበው አቤቱታ ይነግረኝ ጀመር። ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አባቴ እጁን ወደ ሌሎቹ አንሥቶ ዝም አሰኛቸው።